ፈንዲሻ የማያፈነዳ ጨረር

በ2008 (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) አንድ ቪዲዮ ዓለምን ዞረ። ጥቂት ወጣቶች ጠረጴዛ ከብበው መሐሉ ላይ ጥሬ በቆሎ ይበትናሉ፤ ሞባይሎቻቸውን በዙሪያው ይደረድራሉ። ስልኮቹ ሲጠሩ በቆሎው እየተፈናጠረ ፈንዲሻ ይሆናል። በቆሎውን እንዲህ ካደረገው አንጎላችንንማ ምን ሊያደርገው ነው ብሎ ያልደነገጠ ጥቂት ነው። ቪዲዮው ግን ማስታወቂያ ነበር። ያሠራው ካርዶ ሲስተምስ የተባለ ኩባንያ ሲሆን የሚሸጠውም ስልኩን ጆሮ ላይ ሳይለጥፉ የሚያነጋግር የብሉቱዝ ማዳመጫ ነው። ፈንዲሻው አስቀድሞ ፈክቶ ከላይ የተጣለ ነው፤ ጥሬውን ደግሞ በቅንብር አጥፍተውታል።

ሒሳቡም አይገጥምም። ማይክሮዌቭ ምድጃ ከ800 እስከ 1,000 ዋት የሚደርስ ኃይል በብረት ሣጥን ውስጥ አፍኖ እንኳ ፈንዲሻ ለማፈንዳት ደቂቃ ከምናምን ይፈጅበታል። የስልክ አንቴና በአማካይ ቢበዛ ሩብ ዋት ያህል ቢያወጣ ነው፤ እሱም በየአቅጣጫው ይበተናል። አራት ስልኮች አንድ ላይ ተደርድረው አንድ ዋት ቢሞሉ ነው።

ሆኖም ስልኩና ምድጃው የሚጠቀሙት የሞገድ ዓይነት ዘመዳሞች መሆናቸው እውነት ነው። ጥያቄው ይህ ሞገድ ሰውነት ላይ ምን ሊያደርግ ይችላል የሚለው ነው። ራጅና ጋማ ጨረር በጣም የሚፈሩት እያንዳንዷ የኃይል ቅንጣታቸው ከአቶም ላይ ኤሌክትሮን መንቀል ስለምትችል ነው። ዲ.ኤን.ኤ.ን የሚጎዳውና ለካንሰር በር የሚከፍተው ይህ ነው። በ900 ሜጋኸርዝ የሚሠራ ስልክ የሚለቃት ቅንጣት ግን ከአረንጓዴ ብርሃን ቅንጣት ከግማሽ ሚሊዮን ጊዜ በላይ የደከመች ናት። ብርሃኑ ራሱ ኤሌክትሮን አይነቅልም። የደካማ ቅንጣቶች ብዛት ቢጨምርም አንዷ ያልቻለችውን ተባብረው አይሰብሩም፤ የሚያደርጉት ማሞቅ ነው።

ስለዚህ የደኅንነት ደንቦቹ የሚለኩት ሙቀትን ነው። ይኸውም አንድ ኪሎ ግራም የሰውነት ክፍል ስንት ዋት ይቀበላል የሚለው ነው። ለጭንቅላት አሜሪካ 1.6፣ አውሮፓ ደግሞ 2 ዋት በኪሎ ይፈቅዳሉ (አለካካቸው ትንሽ ይለያያል)። ለመላው ሰውነት ጉዳት ሊጀምር ይችላል ተብሎ የተያዘው 4 ዋት በኪሎ ሲሆን ለሕዝብ የተፈቀደው ከዚያ 50 ጊዜ ያነሰ ነው። ረጅም ወሬ ስናወራ ጆሯችን የሚግለውስ? እሱ በአብዛኛው የባትሪውና የስልኩ የውስጥ ዕቃዎች ሙቀት ነው፤ መስታወቱን ጆሮ ላይ መለጠፉም የራሱን ይጨምራል።

አሁን ብዙ ሰው ወደማያስተውለው ነገር እንምጣ። ስልክ ሁልጊዜ በአንድ ኃይል አያወራም። አጠገቡ ካለ ሰው ጋር የሚያወጋ ድምፁን ዝቅ እንደሚያደርግ፣ ገደል ማዶ ያለውን የሚጠራ ደግሞ እንደሚጮኽ፣ ስልኩም የኔትወርክ ማማው ሲቀርበው ያንሾካሹካል፤ ሲርቀው ይጮኻል። በሦስተኛው ትውልድ ኔትወርክ ማማው ለስልኩ «ጨምር» ወይም «ቀንስ» የሚል ትእዛዝ በሰከንድ 1,500 ጊዜ ይልካል። ኔትወርክ በደከመበት ገጠር ጠዋት ሞልተን ያወጣነው ባትሪ ለምን ቶሎ እንደሚያልቅ ለሚገረም ሰው አንዱ ምክንያት ይኸው ነው፤ ስልኩ ሲጮኽ ነው የሚውለው። በአሳንሰር ውስጥና በሚሮጥ አውቶቡስ ውስጥም እንዲሁ ነው።

ከዚህ የሚመጣው ውጤት ከሰፈር ክርክር ጋር ይጋጫል። ሰፈራችን ማማ አይተከልብን የሚሉ ሰዎች ማማው በራቀ መጠን ጆሯቸው ላይ ያለው ስልክ ይበልጥ እንደሚበረታ አያስቡትም። የማማው አንቴና በአሥሮች የሚቆጠር ዋት ሊያወጣ ይችላል፤ ነገር ግን ከፍ ብሎ የተሰቀለ ነው፣ ሞገዱንም ወደ አድማስ ነው የሚልከው። ክፍት ቦታ ላይ ርቀቱ በእጥፍ ሲያድግ የሚደርሰን ኃይል ወደ ሩብ ይወርዳል። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው ሕዝብ በሚደርስባቸው ቦታዎች ከእነዚህ ማማዎች የሚመጣው ጨረር ከተፈቀደው መጠን ከ0.002 እስከ 2 በመቶ ቢሆን ነው። በሚያዝያ 2020 እንግሊዝ ውስጥ ኮሮናን ያመጣው ፋይቭ ጂ ነው በሚል ወሬ ማማዎች ሲቃጠሉ፣ ከተቃጠሉት አንዱ በርሚንግሃም ለኮሮና ሕሙማን የተዘጋጀውን ሆስፒታል የሚያገለግል ነበር።

«ታዲያ ካንሰር ያመጣል ተብሎ ተመዝግቦ የለ?» የሚል አይጠፋም። በግንቦት 2011 ፈረንሳይ ሊዮን የሚገኘው የካንሰር ምርምር ተቋም የስልክን ሞገድ «ካንሰር ሊያመጣ ይችል ይሆናል» በሚለው ምድብ አስገብቶታል። ምድቡ የሚለካው ግን የማስረጃውን ጥንካሬ እንጂ የአደጋውን መጠን አይደለም። ቡና ራሱ ከፊኛ ካንሰር ጋር በተያያዘ እስከ 2016 እዚያው ምድብ ውስጥ ነበር። በዚያ ዓመት ቡና ነፃ ወጣ፤ ከ65 ዲግሪ በላይ የሚጠጣ ማንኛውም ትኩስ መጠጥ ግን ለጉሮሮ ቧንቧ ካንሰር ሲባል ከስልክ አንድ ደረጃ ከፍ ወዳለው ምድብ ገባ። በአንድ እጁ ስልክ፣ በሌላው ገና ከጀበና የተቀዳ ቡና የያዘ ሰው በሊዮኑ ዝርዝር መሠረት አስቀድሞ ሊጠረጥር የሚገባው ስኒውን ነው።

ያን ምድብ ያስከተለው አንዱ በ13 አገሮች ተካሂዶ በ2010 የታተመው ኢንተርፎን የተባለው ጥናት ነው። በጥቅሉ የተጨመረ አደጋ አላገኘም፤ እጅግ ብዙ አውርተናል ባሉት ላይ ግን አንድ ዓይነት የአንጎል ዕጢ በ40 በመቶ ከፍ ብሎ ታየ። ችግሩ ጥናቱ ታማሚዎችን ያለፉ ዓመታት ወሬያቸውን አስታውሱ ማለቱ ነው፤ በቀን ከአምስት ሰዓት በላይ አወራ ነበር ያሉም ነበሩ። የዴንማርክ ተመራማሪዎች ትዝታን ትተው ወደ 420,000 የሚጠጉ የስልክ ደንበኞችን መዝገብ ከካንሰር መዝገብ ጋር አስተያዩ፤ ጭማሪ አላገኙም። የዓለም ጤና ድርጅት አስጠንቶ በ2024 የታተመው፣ 63 ጥናቶችን የመረመረ ግምገማም ግንኙነት አላየም። አሜሪካ ውስጥ ተካሂዶ በ2018 በታተመ ሙከራ ደግሞ በቀን ዘጠኝ ሰዓት ገደማ መላ ሰውነታቸው ለሞገድ የተጋለጠ ወንድ አይጦች ልብ ላይ ዕጢ ታይቷል። እነዚያው አይጦች ካልተጋለጡት ይልቅ ዕድሜያቸው መርዘሙ ግን ብዙም አልተወራም።

እንዲህም ሆኖ ደንቡ ጥርስ የሌለው አይደለም። በመስከረም 2023 የፈረንሳይ ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት አይፎን 12 በእጅ ሲያዝ ወይም ኪስ ውስጥ ሲሆን 5.74 ዋት በኪሎ ደርሶ ስላገኘው (ለእጅና ለእግር የተፈቀደው 4 ነው) ሽያጩን አስቆመ፤ አፕልም በሶፍትዌር ማሻሻያ አስተካከለው።

አሁንም ቅር የሚለው ሰው ስፒከር ከፍቶ ወይም በማዳመጫ ያውራ፤ ስልኩ ከራስ ጥቂት ሲርቅ የሚደርሰው ሞገድ እጅግ ይቀንሳል። የኔትወርኩ ምልክት አንድ መስመር ብቻ ሲሆን ረጅሙን ወሬ ማቆየት ነው።

ስልክ ጀርባ ላይ የሚለጠፉትን «ጨረር መከላከያ» ተለጣፊዎች ግን አልመክርም። በ2002 የአሜሪካ ፌዴራል የንግድ ኮሚሽን እንዲህ ዓይነት መከላከያ የሚሸጡ ሁለት ድርጅቶችን በሐሰተኛ ማስታወቂያ ከሷል። አብዛኞቹ ምንም አይከልሉም። በእርግጥ አንቴናውን የሚጋርድ ተለጣፊ ከተገኘም ስልኩ ማማው የራቀበት ይመስለውና ኃይሉን ይጨምራል፤ ባትሪውም በዚያው ልክ ቶሎ ያልቃል።