ትን ሲደጋግም

ልጁ እናቱ ጭን ላይ በጀርባው ተንጋሏል። ግራ መዳፏን አጎድጉዳ አፉ ላይ ትይዛለች፤ በቀኟ አጥሚቱን ታንቆረቁራለች። ይንፈራገጣል፣ ትን ይለዋል፣ ዓይኑ በእንባ ይሞላል። ጀርባውን ቸብ ቸብ ታደርግለትና ትቀጥላለች። «አመለኛ ነው፤ ካልጋቱት አይበላም።»

አመለኛ ልጅ የለም አልልም። ግን ይህን ስም ከመስጠት በፊት ጠግቦ ነው ወይስ መዋጥ አቅቶት ብሎ ማየት ይገባል።

ስንውጥ የአየር ቧንቧችን ለቅጽበት ተዘግቶ ምግቡ ወደ ሆድ ያልፋል። ሕፃን ደግሞ መጥባቱን፣ መዋጡንና መተንፈሱን ማስማማት አለበት። ይህ ችሎታ የሚበስለው በ34ኛው የእርግዝና ሳምንት ገደማ ነው፤ ያለ ቀኑ የተወለደ ልጅ ጡት ላይ ቢቸገር አይገርምም።

አንዳንዴ ትን ማለት ማንም ላይ ይደርሳል። ማቅረሻም ልጁ ክብደት እየጨመረ ከሆነ ብዙም አያስጨንቅም። በ6 ወሩ ምግብ የጀመረ ልጅ ገንፎውን በምላሱ ገፍቶ ቢያወጣው ገና እየተማረ ነው። የሚያሳስበው ትንታው በየማዕዱ ሲመላለስ፣ ከበላ በኋላ ድምፁ ውሃ እንዳዘለ ሲሆን፣ ወይም አንዱ ማዕድ ዘወትር ከ30 ደቂቃ በላይ ሲፈጅ ነው። ሲጠባ ግንባሩን በላብ የሚያረሰው፣ ጥቂት ስቦ ደክሞት የሚያንቀላፋ ሕፃን ልቡ ወይም ሳንባው ሊታይለት ይገባል። ከንፈሩ ወደ ሰማያዊ ካደላ ጊዜ አይሰጥም፤ በጠይም ልጅ ላይ ይህን ከቆዳው ይልቅ ምላሱና የከንፈሩ ውስጥ ያሳብቃሉ። ወተት በአፍንጫው ከተመለሰ ላንቃው ይታይ፤ ከንፈሩ ደህና ሆኖ ላንቃው ብቻ የተሰነጠቀ ልጅ አለ።

ተንኮለኛው ግን ድምፅ የሌለው ነው። አንዳንድ ልጅ፣ በተለይ የነርቭና የጡንቻ ችግር ያለበት፣ ምግቡ ወደ ሳንባው ሲገባ እንኳ አያስለውም። ሳንባ ምች እየተመላለሰ የሚይዘው ልጅ ሁሉ ብርድ መትቶት አይደለም፤ አበላሉም ይጠየቅ።

እንዲህ ያለውን ልጅ መጋት ምግቡን ወደ ሳንባው መግፋት ነው። «እንጥሉ ወርዶ ነው» ብሎ ማስቆረጥም ደም መፍሰስና ኢንፌክሽን ያመጣል እንጂ ልቡን ወይም ላንቃውን አይጠግንም። ሐኪም እስኪያየው ድረስ ቀና አድርጎ ማስቀመጥ፣ በትንሽ ማንኪያ መስጠት፣ የመጀመሪያውን ሳይውጥ ሁለተኛውን አለማስከተል፤ ፊቱን ሲያዞርም ማቆም።

ከንፈሩ ወደ ሰማያዊ ያደላ፣ ጨርሶ መጥባት ወይም መጠጣት ያቃተው፣ የወሰደውን ሁሉ የሚያስመልስ፣ የሚያንቀጠቅጠው ወይም ራሱን የሳተ ልጅ ግን ለነገ አይባልም፤ ወዲያው ወደ ጤና ተቋም ይወሰድ።

ለሌሎቹ አንድ ዘዴ አለ። ልጆች ሐኪም ፊት ሲሆኑ ወይ አይበሉም፣ ወይ እንደ ጨዋ ይበላሉ። ስለዚህ ቤት ሲመገብ ፊቱና አንገቱ እንዲታይ፣ ድምፁም እንዲሰማ አድርጎ በስልክ መቅረጽና ለሐኪሙ ማሳየት ነው። ከበላ በኋላ ያሉትን ጥቂት ደቂቃዎችም ጨምሩ፤ ያ የረጠበ ድምፅ የሚመጣው ብዙ ጊዜ ያኔ ነው።