የጉጉት ላባ፣ የነፍሳት ሬሳና የንፋስ ተርባይን ክንፍ

ከደባርቅ ተነሥቶ፣ ሳንካበርን አልፎ ወደ ጨነቅ የሚሄድ መንገደኛ አምባራስን ያገኛል። ተማሪዎቻችንን ይዘን በደረስንበት ከሰዓት በኋላ ንፋሱ የገብሱን ማሳ እንደ ባሕር ያናውጠው ነበር። ከተማሪዎቹ አንዱ «ይህ ሁሉ ኃይል እንዲሁ ያልፋልን?» ሲል ጠየቀን። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ መልሱ ግን ከሚታሰበው በላይ ጠመዝማዛ ነው።

ከንፋስ የሚገኘው ኃይል ከአየሩ እፍጋት ጋር በቀጥታ፣ ከፍጥነቱ ጋር ደግሞ በሦስተኛ ርቢ ያድጋል። በባሕር ወለል ላይ አንድ ሜትር ኩብ አየር 1.2 ኪሎ ግራም ገደማ ሲመዝን፣ ከ3 ሺህ ሜትር በላይ በሆነው በዚህ አምባ ግን ወደ 0.85 ኪሎ ግራም ይወርዳል። ስለዚህ የሰሜን ንፋስ በእኩል ፍጥነት ከሚነፍሰው የምፅዋ ንፋስ በ30 በመቶ ያህል ያነሰ ኃይል ይሸከማል። ከዚህም ላይ፣ ጀርመናዊው አልበርት ቤትዝ እንዳሳየው፣ ማንኛውም ተርባይን ከሚያልፍበት ኃይል ከ59.3 በመቶ በላይ ሊወስድ አይችልም። ሀብቱ በተፈጥሮ ሲቀነስ፣ በክንፉ ገጽ ላይ የሚባክነው ይበልጥ ያንገበግባል።

የትልልቅ ተርባይኖች የክንፍ ጫፍ በሰከንድ ከ70 እስከ 80 ሜትር ይጓዛል። በዚህ ፍጥነት የዝናብ ጠብታ እንደ ጠጠር ይመታል፤ የበረዶማ እንዲያው አይነሣ። የፊት ጠርዙ ከዓመት ዓመት ይሸረፋል፣ ይሸካክራል። ከክንፉ ገጽ ጋር ተጠግቶ የሚፈሰው ስስ የአየር ንጣፍም ገና ከመነሻው ይታወካል፤ እየወፈረ ይሄድና ክንፉን ወደ ኋላ ይጎትተዋል።

ነገሩ ምን ያህል ሊከፋ እንደሚችል ያሳዩት ሁለቱ ሆላንዳውያን፣ ኮርተንና ቬልድካምፕ ናቸው። በካሊፎርኒያ የነበሩ ተርባይኖች በብርቱ ንፋስ ጊዜ የሚሰጡት ኃይል ምክንያቱ ሳይታወቅ አንዳንዴ በግማሽ ይወርድ ነበር። ሁለቱ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2001 ኔቸር በተባለው መጽሔት እንደጻፉት ጥፋተኞቹ ነፍሳት ናቸው። ነፍሳት የሚበሩት ንፋሱ ለስለስ ሲል ነው፤ ያን ጊዜ በክንፉ ላይ ተለጥፈው ቢሞቱም የአየሩን ፍሰት እምብዛም አያውኩም። ንፋሱ ሲበረታ ግን ለሸካራነት የሚሰጋው የክንፉ ክፍል ወደ ፊት ይመጣና ሬሳዎቹ ካሉበት ቦታ ጋር ይገጥማል፤ ፍሰቱም ከገጹ ይላቀቃል። ዝናብ ሲያጥባቸው ኃይሉ ይመለሳል። እነዚያ ተርባይኖች ክንፋቸውን እንደ ንፋሱ የማያዞሩ፣ የቆየ ዓይነት ነበሩ፤ በዛሬዎቹ ላይ ጉዳቱ ይህን ያህል አይከፋም።

መፍትሔው ሽፋን ነው። የፊት ጠርዙን በፖሊዩሪቴን ቀለም መቀባት ወይም በጠንካራ ፕላስቲክ መጠቅለል የተለመደ ሆኗል። ሽፋን ኃይል አይፈጥርም፤ የነበረውን ይጠብቃል እንጂ። እ.ኤ.አ. በ2015 የተመረቀው አዳማ ሁለት 102 ተርባይኖች አሉት። በሸካራነት ምክንያት 3 በመቶ ቢያጣ ሦስት ተርባይኖች ቆመው እንደ ዋሉ ይቆጠራል።

ድምፁም የሚወለደው ከዚያው ስስ የአየር ንጣፍ ነው። የታወከው አየር የክንፉን የኋላ ጠርዝ ሲሻገር ይጮኻል፤ የጩኸቱ ኃይል ከፍጥነቱ ጋር በአምስተኛ ርቢ ገደማ ያድጋል። የክንፉን ፍጥነት በአንድ አሥረኛ መቀነስ ድምፁን በ2 ዴሲቤል ያህል ዝቅ ያደርገዋል፤ ነገር ግን ምርትም አብሮ ይቀንሳል። በከተማ ጫጫታ መካከል ይህ ላይሰማ ይችላል። ሌሊት የውሻ ጩኸት ብቻ በሚሰማበት የገጠር መንደር ግን እንቅልፍ የሚነሣ ጉዳይ ነው።

እዚህ ላይ ጉጉት መምህራችን ትሆናለች። ላባዋ ከፊት እንደ ማበጠሪያ ጥርስ የተሰነጣጠቀ፣ ከላይ እንደ ከፋይ የለሰለሰ፣ ከኋላ ዘርፍ ያለው ነው። በካምብሪጅ ዩኒቨርሲቲ በናይጀል ፒክ የሚመራው ቡድን የላዩን ልስላሴ ለመኮረጅ በመጀመሪያ የሙሽራ ዓይነርግብ የሚሠራበትን ጨርቅ ሞከረ፤ ቀጥሎ ተመሳሳይ ሽፋን ከፕላስቲክ አተመ። እ.ኤ.አ. በ2015 ይፋ በሆነው የንፋስ ዋሻ ሙከራ ድምፁ እስከ 10 ዴሲቤል ቀነሰ፤ የክንፉ ብቃትም ያን ያህል አልተጎዳም። የላብራቶሪ ውጤት መሆኑን ግን አንርሳ። አቧራና ጭቃ በዚያ ጉጉርማ ገጽ ውስጥ ሲሞሉ ምን ይሆናል?

ይህን ጥያቄ ሌላ ሰው እንዲመልስልን የምንጠብቅ ከሆነ ብዙ እንቆያለን። ሽፋኖቹ የሚፈተኑት በአብዛኛው ለአውሮፓ ዝናብ ነው። የደጋችን የፀሐይ አልትራቫዮሌት ጨረር በየ1 ሺህ ሜትሩ ከ10 በመቶ በላይ እየበረታ ይሄዳል፤ ፕላስቲክንም ያደርቃል፣ ይሰነጥቃል። በጋው አቧራ፣ ክረምቱ በረዶ ነው።

ለተማሪያችን የሰጠነው መልስ ሁለት ክፍል ነበረው። አምባራስ ራሷ የተርባይን ቦታ አይደለችም፤ የሰሜን ተራሮች ፓርክ ከ1978 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የዓለም ቅርስ ነው፣ በገደሎቹ ላይ የሚያንዣብበው አጥንት ሰባሪ አሞራም ለሚዞር ክንፍ ቦታ አይለቅም። ወደ ደባርቅና ዳባት ዝቅ ባሉት ሜዳዎች ግን መለካት ይቻላል። ሁለተኛው ክፍል ሥራ ነው። ስድስት የፋይበርግላስ ሰሌዳዎችን በተለያየ ሽፋን ቀብተን፣ አንዱን ሳንቀባ ትተን፣ በምሰሶ ላይ አቁመናል። ሰሌዳዎቹ ስለማይሽከረከሩ የጠብታውን ምት አይነግሩንም፤ የፀሐዩንና የአቧራውን ግን ይነግሩናል። በመስከረም አውርደን በማይክሮስኮፕ እናያቸዋለን።