ተጨማሪ መረጃ፦ «ናይስ» የተሰኘው ቅጽል

«ናይስ» በእንግሊዝኛ የዕለት ንግግር አዘውትሮ የሚሰማ ቅጽል ነው። መነሻው «አላዋቂ» የሚል ፍቺ ያለው የላቲን ቃል ሲሆን፣ እ.ኤ.አ. በ1300 ገደማ በፈረንሳይኛ በኩል እንግሊዝኛ ውስጥ ሲገባ «ሞኝ» ማለት ነበር። ቆይቶ «ጥንቁቅ» እና «ረቂቅ» የሚሉ ፍቺዎችን ያዘ፤ የዛሬው «ደስ የሚል» የተለመደው በ18ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ነው። ደራሲዋ ጄን ኦስተን «ኖርዛንገር አቢ» በተሰኘው ልብ ወለዷ ቃሉ ያለ ልክ መዘውተሩን ተሳልቃበታለች።

ዛሬ ለሰው ሲነገር ደግ፣ ለምግብ ጣፋጭ፣ ለአየር ጠባይ ተስማሚ ማለት ነው። «ናይስ ኤንድ ዋርም» ሲባል ግን ሁለት ባሕርያት አልተዘረዘሩም፤ ሙቀቱ ደስ እንደሚል ተገለጸ እንጂ። በእንግሊዝኛ ድርሰት ስትጽፉ በ«ናይስ» ፈንታ ሐሳባችሁን አጥርቶ የሚገልጽ ቅጽል ምረጡ።