ከጣሪያው ይልቅ ጠርዙ

ለሠርግም ሆነ ለለቅሶ ከሚተከል ድንኳን የሚጠበቀው ከላይ የሚወርደውን እንዲመክት ነው፤ ጎኑ ክፍት ቢሆን ማንም ቅር አይለውም። ዙሪያውን መረብ የለበሰው ተጣጣፊ ድንኳን ግን ሌላ ዕቃ ነው። ጣሪያው ፀሐይና ካፊያ ይከላከላል፤ ግድግዳው ነፋስ እያስገባ ትንኝና ዝንብ ያስቀራል፤ ሲታጠፍ ደግሞ በአንድ ከረጢት ገብቶ መኪና ላይ ይጫናል። ገዢ አብዛኛውን ጊዜ «ስንት ሰው ይይዛል?» ብሎ ይጀምራል። እኔ ግን ስፋቱ መጨረሻ ላይ ቢጠየቅ ይሻላል ባይ ነኝ፤ ድንኳኑ የሚመዘነው በመረቡና መረቡ ከመሬት በሚገናኝበት ጠርዝ ነው።

ምክንያቱ ከሰዓቱ ይጀምራል። ሰው ለመዝናናት የሚወርድባቸው ላንጋኖ፣ ሐዋሳና አርባ ምንጭ ሁሉም ከ2000 ሜትር ከፍታ በታች ናቸው፤ በአገራችን ወባ በብዛት የሚያሰጋውም ከዚያ በታች ነው። የወባ ትንኝ በአብዛኛው የምትናከሰው ከምሽት እስከ ንጋት ነው፤ ጥላ የማያስፈልግበት፣ እራት ቀርቦ ጨዋታ የሚደራበት ሰዓት ማለት ነው። ያን ጊዜ ጣሪያው ሥራውን ጨርሷል፤ ዘብ የሚቆመው መረቡ ብቻ ነው።

መረብ ሁሉ ደግሞ አንድ አይደለም። ለወባ መከላከያ የሚታደለው አጎበር በአንድ ካሬ ኢንች 156 ያህል ቀዳዳ አለው፤ ይህ ለትንኝ ይበቃል። ካላዛርን የምታስተላልፈው የአሸዋ ዝንብ ግን ከ3 ሚሊ ሜትር የማትበልጥ ስለሆነች፣ በመድኃኒት ባልተነከረ እንዲህ ባለ መረብ ልትሾልክ ትችላለች። ወደ መተማና ሑመራ ቆላ የሚወርድ ሰው ዓይኑ እንደ ዱቄት ወንፊት የደቀቀ መረብ ቢፈልግ አይሳሳትም። የደቀቀ መረብ አየር ይቀንሳል የሚሉ አሉ፤ እውነታቸውን ነው። ለዚህ ግን ቀዳዳውን ከማስፋት ይልቅ ጣሪያው ከፍ ያለ፣ ጎኖቹ ሁሉ ከላይ እስከ ታች መረብ የሆኑ ድንኳን መምረጥ ይሻላል። ቀለሙም ልዩነት ያመጣል፦ ጥቁር መረብ ብርሃን ስለማይመልስ ከውስጥ ሆኖ ሐይቁን አጥርቶ ያሳያል፤ ነጩ ፀሐይ ሲያርፍበት መጋረጃ ይሆናል።

ከሁሉ ይልቅ ቸል የሚባለው በሩ ነው። ሱቅ ውስጥ ዚፑን እስከ መጨረሻው ይዝጉና ሁለቱ ዚፖች የሚገናኙባትን ጥግ በትንሿ ጣትዎ ይንኩ፤ ጣትዎ ከገባ ትንኝም ትገባለች። ዚፑ ከውስጥም ከውጭም የሚያዝ መሆን አለበት፤ አለበለዚያ የገባ ሁሉ ከፍቶት ይቀመጣል። ወለል የሌለው ከሆነ ከመረቡ ሥር ቢያንስ አንድ ስንዝር የሚሆን ጨርቅ መሬት ላይ ተነጥፎ ድንጋይ ወይም አሸዋ ሊጫንበት ይገባል። ተራ ጥላ ላይ አጎበር ሰቅሎ መገላገል አይቻልም ወይ? ለሁለትና ለሦስት ሰው ጸጥ ብሎ ለሚቀመጥ ይቻላል። ልጆች በሚሯሯጡበት፣ ሳህን በሚመላለስበት ግብዣ ግን አጎበሩ በየደቂቃው ይገለጣል፤ ወጪው የተቆጠበው ትንኟ በምትገባበት ቦታ ላይ ይሆናል።

ነፋስም አለ። የነፋስ ፍጥነት በእጥፍ ሲጨምር ጉልበቱ አራት እጥፍ ይሆናል፤ የደቀቀ መረብ ደግሞ እንደ ሸራ ነፋስ ይይዛል። ስለዚህ ከእግሮቹ ሌላ በየማዕዘኑ አውታር የሚታሰርበት ድንኳን ይምረጡ፤ ካስማውን አናቱን ከድንኳኑ አርቀው አጋድለው ይምቱ። አሸዋ ላይ ካስማ ስለማይጨብጥ አውታሩን አሸዋ በሞላ ከረጢት አስረው ከረጢቱን ይቅበሩ።

የቡና ከሰል ግን ውስጥ አይገባም። ጨርቁ አብዛኛውን ጊዜ ፖሊስተር ነው፤ ፍንጣሪ ያቀልጠዋል። ዝናብ መጥቶ የጎን መከለያው ከወረደ ደግሞ የከሰሉ ጭስ ሰውን በዝምታ ሊገድል ይችላል። ቡናው ውጭ ይፈላ፤ ጀበናው ብቻ ይግባ። መብራቱንም ከበሩ ራቅ አድርጎ ውጭ መስቀል ነው፤ ብርሃን የሚስባቸው ነፍሳት ወደዚያ ይሄዳሉ እንጂ በሩ በተከፈተ ቁጥር እራቱ ላይ አይረግፉም።