ገንዘቡ ከየት ነው የሚመጣው? ስለ ኦንላይን ሥራ የሚባለውና የሆነው

የጎረቤቴ ልጅ ዘንድሮ በአካውንቲንግ ተመርቃ ሥራ ፍለጋ ላይ ናት። ባለፈው እሑድ ስልኳን ይዛ መጣችና «ጋሼ፣ እስቲ ይቺን ይዩልኝ» አለችኝ። የቴሌግራም መልእክት ነው። በቀን ሃያ ቪዲዮ ከፍቶ «ላይክ» መጫን ብቻ፤ ክፍያው በየማታው በቴሌብር ይገባል። ለመጀመር ግን 3,000 ብር ማስያዣ ያስፈልጋል። ጓደኛዋ ሁለት ቀን ተከፍሏታል፤ የደረሰኙን ስክሪንሾት አሳየችኝ። እውነት ነው፣ ብሩ ገብቷል።

«ከፋዩ ማን ነው?» አልኳት።

«ድርጅቱ ነዋ።»

«ድርጅቱስ ያንቺን ላይክ ለማን ሸጦ ነው ብር የሚያገኘው?»

ዝም አለች። እኔ ከቤቴ ሆኜ ለውጭ ደንበኞች መተርጎምና ለቪዲዮ ሰብታይትል መሥራት ከጀመርኩ ዓመታት ሆኖኛል፤ እንደ እሷ ስልኩን ይዞ የሚመጣ ብዙ ሰው አለ። ሁሉም የሚጠይቀኝ «ስንት ይከፍላል?» ብሎ ነው። ልጠየቅ የምመኘው ጥያቄ ግን ገንዘቡ ከማን ኪስ ወጥቶ፣ በምን ምክንያት ወደ እኔ ይመጣል የሚለው ነው።

«ሥራ ለመጀመር ትንሽ ማስያዝ ያለ ነው»

የለም። ቀጣሪ ለሠራተኛ ይከፍላል እንጂ ሠራተኛ ለቀጣሪ አያስይዝም።

አሠራሩን ማወቁ ይጠቅማል። ለጓደኛዋ የገባው ብር ከማንም ደንበኛ የመጣ አይደለም፤ እሷ ራሷና ከእሷ በኋላ የገቡት ሰዎች ካስያዙት ላይ ተቆንጥሮ የተመለሰ ነው። ሁለትና ሦስት ቀን የሚከፈለው እምነት ለመግዣ ነው። ከዚያ «ደረጃሽን ካሳደግሽ የቀን ክፍያሽ እጥፍ ይሆናል» ይባላል፤ ሰው ይበደራል፣ ወርቁን ይሸጣል። በመጨረሻ ገንዘቡን ላውጣ ሲል «መጀመሪያ ግብር ክፈል» የሚል መልእክት ይመጣል፤ እሱንም ሲከፍል ገጹ ይዘጋል፣ የቴሌግራም ቡድኑም ይጠፋል። ነገሩ አዲስ አይደለም። ቻርልስ ፖንዚ እ.ኤ.አ. በ1920 ቦስተን ውስጥ በ45 ቀን 50 በመቶ ትርፍ እሰጣለሁ እያለ የፊተኞቹን ከኋለኞቹ ገንዘብ ሲከፍል ነበር፤ የተለወጠው ስልኩ ብቻ ነው። በእኛም አገር ሰው ባስገቡ ቁጥር ጥቅም የሚያስገኝ የፒራሚድ ሽያጭ በንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ተከልክሏል።

እኔን የሚያመኝ ስክሪንሾቱ ነው። ጓደኛዋ አታላይ አይደለችም፤ ደስ ብሏት ነው ያካፈለችው። ግን የአታላዩን ማስታወቂያ በነፃ የምትሠራለት እሷ ናት፤ የሚያምኗትም እናቷ፣ እህቷና የክፍል ጓደኞቿ ናቸው። ብሩ ሲጠፋ ዝምድናውም አብሮ ይጎዳል።

እውነተኛው ገበያም ወጪ እንዳለው አልደብቅም። ሠሪና አሠሪን ከሚያገናኙት ድረ ገጾች አንዱ በሆነው አፕወርክ ላይ ለአንድ ሥራ ለመወዳደር «ኮኔክት» የሚባለውን ገዝቶ መክፈል አለ። ፋይቨር ደግሞ ከምትሠራው ላይ 20 በመቶ ይቆርጣል። ልዩነቱ ግልጽ ነው፤ እዚያ ማዶ ሎጎ የሚያሠራ፣ ሒሳብ የሚያስይዝ፣ ቪዲዮ የሚያስቆርጥ ሰው አለ፤ የሚከፍለውም ሥራው ስለሚያስፈልገው ነው። ማንም ደግሞ በየማታው ይህን ያህል ታገኛለህ ብሎ ቃል አይገባልህም።

«ኢንተርኔትና እንግሊዝኛ ካለኝ ይበቃል»

እነዚህ በሩን ያስከፍታሉ እንጂ እንጀራ አይሆኑም። «ኦንላይን ሥራ» የሚባል ሙያ የለም፤ ሙያው ሒሳብ ነው፣ ዲዛይን ነው፣ ፕሮግራሚንግ ነው፣ ትርጉም ነው። ኦንላይን መሸጫው ቦታ ነው። ለዚህ ነው ለልጅቷ «አንቺኮ ሙያ ይዘሽ ላይክ ለመጫን ነው የምትከፍይው» ያልኳት። አራት ዓመት የተማረችው አካውንቲንግ ውጭ ያሉ ትንንሽ ነጋዴዎች በየወሩ ሰው ቀጥረው የሚያሠሩት ሥራ ነው። የሚጎድላት የእነሱን የሒሳብ ሶፍትዌር መልመድና ሥራዋን ማሳየት መቻል ነው።

ማሳየት ስል ሰርተፊኬት ማለቴ አይደለም። በ2016 ዓ.ም. ከተባበሩት ዓረብ ኤምሬቶች ጋር በመተባበር የተጀመረው የአምስት ሚሊዮን ኮደሮች ሥልጠና በነፃ ፕሮግራሚንግና ዳታ ሳይንስን ያስተምራል፤ ጥሩ ዕድል ነው፣ ይወሰድ። ነገር ግን በእነዚህ ሁሉ ዓመታት ሰርተፊኬት አሳየኝ ያለኝ አንድም ደንበኛ የለም። «ከዚህ በፊት የሠራኸውን ላክልኝ» ነው የሚሉት። የሠራኸው ከሌለስ? ትሠራለህ። የሰፈር ሱቅ የሦስት ወር ሒሳብ በባለሱቁ ፈቃድ ስሙን አውጥቶ በኤክሴል ማደራጀት ናሙና ነው። የዘመድ ሠርግ ቪዲዮ ቆርጦ ማሳመርም ናሙና ነው።

የእኔን ሙያ በተመለከተ ደግሞ እውነቱን ልናገር። ተራ ትርጉም እየቀነሰ ነው፤ ደንበኛው በማሽን ያስተረጉምና እንድናርም ይልክልናል፤ ክፍያውም በዚያው ልክ ይወርዳል። ዛሬ «አማርኛና እንግሊዝኛ ስለምችል ተርጓሚ እሆናለሁ» ለሚለኝ ሰው ሕክምናን ወይም ሕግን ጨምርበት እለዋለሁ።

«ሥራው ከተገኘ ብሩ ራሱ ይመጣል»

ብዙ ጀማሪ የሚሰናከለው እዚህ ነው፤ ስለዚህ ረጋ ብዬ ልንገር።

ደንበኛው ለክፍያ መጀመሪያ የሚጠራው ፔይፓልን ነው። ከፔይፓል ግን በቀጥታ ወደ ኢትዮጵያ ባንክ ገንዘብ ማውጣት አይቻልም። ብዙዎቻችን ፓዮኒርን የምንጠቀመው በእሱ በኩል ወደ አገር ውስጥ ባንክ ማስተላለፍ ስለሚቻል ነው። ከሁሉ በፊት ግን ስምህን አስተካክል። የእኛ ስም የራስ፣ የአባት፣ የአያት ነው፤ የፈረንጅ ቅጽ የሚጠይቀው «ስም» እና «የቤተሰብ ስም» ነው። የእኔ የመጀመሪያ ክፍያ አንድ ወር ሙሉ ተንጠልጥሎ የቀረው በዚህ ምክንያት ነው። ፓስፖርቴ ላይ የአባቴ ስም በአንድ ፊደል፣ የባንክ ደብተሬ ላይ በሌላ ፊደል ተጽፏል፤ ማሽን ሁለቱን ሁለት ሰው አድርጎ ነው የሚያየው። ፓስፖርት፣ መታወቂያ፣ የባንክ ሒሳብና ፕሮፋይል በእንግሊዝኛ ፊደል አንድ ዓይነት መሆናቸውን ሥራ ሳይጀመር ማረጋገጥ የአንድ ቀን ሥራ ነው፤ በኋላ ግን የወር ልፋት ያስቀራል።

ከዚህ ችግር ለመሸሽ የሌላ አገር ሰው አካውንት የሚከራዩ አሉ። አይሁን። አካውንቱ የእሱ ነው፣ ገንዘቡም የሚገባው በእሱ ስም ነው፤ በተጣላችሁ ቀን ወይም ድርጅቱ በካሜራ ፊትህን አሳየኝ ባለ ቀን የሁለት ዓመት ልፋትህና የደንበኞችህ ምስክርነት አብሮ ይቀራል።

ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ገበያው ሲለቀቅ ለእኛ ሁለት ነገር ተለውጧል። በ57 ብር ገደማ ይመነዘር የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ፤ ባንክ ማስገባቱና በጥቁር ገበያ መመንዘሩ እንደ ድሮው አልተራራቀም። በዚያው ማሻሻያ ከውጭ ገቢ የሚያገኝ ነዋሪ የውጭ ምንዛሪ ሒሳብ እንዲከፍት ተፈቅዷል። ገቢው ግን ከውጭ ስለመጣ ከግብር ነፃ አይደለም። የኢትዮጵያ ነዋሪ ገቢው ከየትም ይምጣ ግብር አለበት፤ ስለዚህ ከመጀመሪያው ቀን የገባውንና የወጣውን መዝግቦ መያዝ ነው።

«ዩቲዩብና ቲክቶክ ይቀላል»

ዩቲዩብ ረጅም ቪዲዮ ለሚሠራ ሰው ከማስታወቂያ ገቢ ለማካፈል 1,000 ተከታይና በአንድ ዓመት ውስጥ 4,000 የታየ ሰዓት ይጠይቃል፤ የቲክቶክ የፈጣሪዎች ክፍያ ደግሞ የሚሠራው እንደ አሜሪካ፣ ጀርመንና ጃፓን ባሉ ጥቂት አገሮች ነው፤ ኢትዮጵያ የለችበትም። በላይቭ ስጦታ የሚያገኙ አሉ፤ ግን እሱ ሌላ ሙያ ነው፣ ሁሉም ሰው አይሆንለትም።

«ቤት ስለሆንኩ ጊዜው የራሴ ነው»

ኒውዮርክ ያለ ደንበኛ ጠዋት ሥራ ሲጀምር እዚህ እንደ ወቅቱ ከቀኑ 10 ወይም 11 ሰዓት ነው። ራት የሚበላበት ሰዓት የስብሰባ ሰዓት ይሆናል። ሰዓት አቆጣጠራችንም ወጥመድ አለው፤ «በሦስት ሰዓት እንገናኝ» ብዬ ደንበኛዬን ስድስት ሰዓት ያስጠበቅኩበትን ቀን አልረሳውም። ከዚያ ወዲህ ለውጭ ሰው የምጽፈው በእነሱ አቆጣጠር፣ የከተማውን ስም ጨምሬ ነው።

መብራትና ኢንተርኔትም አሉ። ሰኔ 2012 ዓ.ም. መጨረሻ ላይ ኢንተርኔት በመላ አገሪቱ ለሦስት ሳምንት ገደማ ተቋርጧል። የትግራይ ልጆች ለሁለት ዓመት ገደማ፣ በአማራ ክልል ያሉት ደግሞ ከ2015 ክረምት ጀምሮ ለረጅም ጊዜ ሥራቸው በእጃቸው እያለ ከገበያው ተቆርጠዋል። ሙያ የነበራቸው፣ ደንበኛ ያፈሩ ልጆች ነበሩ፤ ይህንን ስንፍና ብሎ የሚጠራ ሰው ሲገጥመኝ ያናድደኛል። ግለሰብ የሚችለው ትንሽ ነው፤ ሥራን ከቀጠሮው ሁለት ቀን ቀደም ብሎ ማስረከብ፣ ፓወር ባንክ ሞልቶ ማደር፣ ለደንበኛው ያለውን ነገር ከመጀመሪያው መንገር።

የቤቱ ነገር ግን ለሴቶች ይብሳል። ወንድ ልጅ ኮምፒውተር ላይ ሲቀመጥ «ሥራ ላይ ነው» ይባላል፤ ሴት ልጅ ስትቀመጥ «ቤት ናት» ተብላ ለእንግዳው ቡና አፍዪ፣ ሽንኩርት ክተፊ ትባላለች።

ልጅቷ ብሩን አላስያዘችም። ለጓደኛዋም ያስገባችውን ዛሬውኑ ለማውጣት እንድትሞክር ደወለችላት። ከሰፈሩ ባለሱቅ የሦስት ወር ደብተር ተቀብላ ኤክሴል ላይ እያሰፈረች ነው። ትናንት እናቷን በር ላይ አገኘኋቸውና «ሥራ አገኘች እንዴ?» አሉኝ።

«ገና ናት እትዬ። ግን ከምሽቱ አንድ እስከ ሦስት ሰዓት ድረስ አይጥሯት።»