ያውቁ ኖሯል? ቴስተሩ የማያየው ሙቀት

ኔትወርክ ኬብል ውስጥ ጥንድ ጥንድ ሆነው የተጠማዘዙ 8 የመዳብ ሽቦዎች አሉ። የኬብል ቴስተር አንዱ ክፍል በገመዱ ጫፍ፣ ሌላው በግድግዳው ሶኬት በኩል ይሰካል፤ ከ1 እስከ 8 ያሉት መብራቶች በሁለቱም ላይ በተራ ከበሩ የተበጠሰ ሽቦ የለም። እዚህ 3፣ እዚያ 6 ከበራ ግን ሶኬቱ ሲታሰር ሽቦ ተምታቷል። 8ኛው ብቻ ቢጠፋ ኢንተርኔቱ አይቆምም፤ ብዙውን ጊዜ ከ1 ጊጋቢት ወደ 100 ሜጋቢት ይወርዳል (ያኔ የሚወቀሰው ቴሌ ነው!)።

አዋሽ ሰባትና ሰመራ ላይ ሙቀቱም ይጨመርበታል። ከ20 ዲግሪ ወዲያ፣ እስከ 40 ድረስ፣ በእያንዳንዱ ዲግሪ የምልክቱ ብክነት በ0.4 በመቶ ገደማ ይጨምራል። ስለዚህ በጋለ ቆርቆሮ ጣሪያ ሥር የተዘረጋ ገመድ የተለመደውን 100 ሜትር ላይችል ይችላል። ርካሹ ቴስተር ይህን አይለካም፤ 8ቱንም መብራት አብርቶ ያልፋል።