ትንሿ ጥይት፦ ስለ .22 የሚነገረውና እውነታው

ሙሉ ርዝመቷ 25 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው፤ የአረሯ ክብደት 2.6 ግራም። .22 ሎንግ ራይፍል የምትባለው ጥይት እ.ኤ.አ. በ1887 አሜሪካ ውስጥ ተሠርታ እስከ ዛሬ ከገበያ አልጠፋችም። በኦሊምፒክ የ50 ሜትር ጠመንጃ ውድድር የምትተኮሰው እሷ ናት። በበረዶ ሸርተቴና በተኩስ የሚካሄደው ቢያትሎንም ከ1978 ጀምሮ የሚጠቀመው በእሷ ነው።

ይህች ጥይት ሪምፋየር ከሚባለው ወገን ናት። በትልልቆቹ ጥይቶች ባሩዱን የሚለኩሰው ቅመም በቀለሁ ግርጌ መሃል ላይ ይቀመጣል። በሪምፋየር ግን ቅመሙ ያለው በቀለሁ ጠርዝ ውስጥ ነው፤ የጠመንጃው መምቻ ጠርዙን ሲጨፈልቀው እሳቱ ይነሳል። ጠርዙ እንዲጨፈለቅ ቀለሁ ስስ መሆን አለበት፤ ስስ ቀለህ ደግሞ ብዙ ግፊት አይችልም። የእነዚህ ጥይቶች ጉልበት የተወሰነው በዚህ ምክንያት ነው። አሠራሩ ቀላል ይምሰል እንጂ ስለ አበራረራቸው የሚነገረው ብዙው ከእውነታው ይርቃል።

ተረት፦ ጥይቱ በፈጠነ ቁጥር ነፋስ አያስተውም።

እውነታ፦ በ.22 ሎንግ ራይፍል ላይ ነገሩ የተገላቢጦሽ ነው። መደበኛው ዓይነት ከአፈሙዝ የሚወጣው በሰከንድ 330 ሜትር ገደማ በሆነ ፍጥነት ነው፤ ፈጣኑ ዓይነት ወደ 380 ይደርሳል። የድምፅ ፍጥነት በ15 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሙቀት 340 ሜትር በሰከንድ ስለሆነ፣ አንዱ ከድምፅ በታች፣ ሌላው ከድምፅ በላይ ይበራል ማለት ነው።

ልዩነቱን የሚያመጣውም ይኸው ድንበር ነው። ነፋስ አረርን ወደ ጎን የሚገፋው አረሩ አየር ላይ በቆየበት ጊዜ ልክ ብቻ ቢሆን ኖሮ ፈጣኑ ያሸንፍ ነበር። ነፋሱ የሚሠራው ግን አረሩ በአየር መከላከል ምክንያት ባባከነው ጊዜ ልክ ነው፤ ማለትም አየር ባይኖር ኖሮ ይደርስበት ከነበረው ሰዓት ምን ያህል ዘገየ በሚለው። የአየር መከላከል ደግሞ በድምፅ ፍጥነት አካባቢ በድንገት ያሻቅባል። ፈጣኑ አረር ትርፍ ፍጥነቱን እዚያው ያጣና ከመደበኛው ይልቅ ብዙ ጊዜ ያባክናል።

በቁጥር ሲታይ፣ በሰዓት 16 ኪሎ ሜትር የሚነፍስ የጎን ነፋስ መደበኛውን አረር በ100 ያርድ (91 ሜትር) ላይ 10 ሴንቲ ሜትር ገደማ ይወስደዋል፤ ፈጣኑን ግን 13 ሴንቲ ሜትር ገደማ። ለኦሊምፒክ ተወዳዳሪዎች የሚመረቱት ጥይቶች ከድምፅ ፍጥነት በታች የሚጓዙ መሆናቸው አያስገርምም።

ሕጉ ግን ለሁሉም ሪምፋየር እኩል አይሠራም። በ2002 ለገበያ የቀረበው .17 ኤችኤምአር 1.1 ግራም ብቻ የምትመዝን አረር በሰከንድ 777 ሜትር ይለቃል። 91 ሜትር ስትደርስም ፍጥነቷ 580 ሜትር በሰከንድ አካባቢ ስለሆነ ከድምፅ ድንበር ገና ሩቅ ናት። ያን ያህል ቀላል ሆናም በዚያው ነፋስ የምትስተው 9 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው።

ተረት፦ አረር ከአፈሙዝ እንደወጣ መጀመሪያ ወደ ላይ ይነሳል።

እውነታ፦ አረር ከአፈሙዝ ከተላቀቀበት ቅጽበት ጀምሮ መሬት ትስበዋለች። ወደ ላይ የሚነሳ የሚመስለው ማነጣጠሪያው ከአፈሙዙ ከፍ ብሎ ስለሚቀመጥና አፈሙዙ በትንሹ ወደ ላይ ስለሚቀና ነው። በ50 ያርድ ዒላማውን እንዲመታ የተስተካከለ ጠመንጃ መደበኛውን .22 ሲተኩስ፣ በ100 ያርድ ላይ አረሩ 18 ሴንቲ ሜትር ገደማ ዝቅ ብሎ ይመታል። በፈጣኑ ዓይነት ዝቅታው ወደ 14 ወይም 15 ሴንቲ ሜትር ይቀንሳል። ፍጥነት የሚጠቅመው እዚህ ላይ ነው፤ ውድቀትን ይቀንሳል፣ ነፋስን ግን አያሸንፍም።

ተረት፦ አፈሙዙ በረዘመ ቁጥር ጥይቱ ይበረታል።

እውነታ፦ የ.22 ሎንግ ራይፍል ባሩድ እጅግ ጥቂት ነው። ከ40 እስከ 45 ሴንቲ ሜትር በሚሆን አፈሙዝ ውስጥ ጉልበቱን ሰጥቶ ይጨርሳል፤ ከዚያ በላይ ያለው ርዝመት ብዙም አይጨምርም፣ ሰበቃው እንዲያውም ፍጥነቱን ሊቀንሰው ይችላል።

ተረት፦ .22 ሁሉ አንድ ነው፤ ርካሹን ገዝቶ መተኮስ ይበቃል።

እውነታ፦ በ50 ሜትር የጠመንጃ ውድድር የአሥር ነጥቡ ክብ ስፋት 10.4 ሚሊ ሜትር ብቻ ነው። በሁለት ጥይቶች መካከል የ10 ሜትር በሰከንድ ልዩነት ቢኖር፣ እዚያ ርቀት ላይ የሚመቱበት ከፍታ በ7 ሚሊ ሜትር ገደማ ይለያያል። ለአንድ ተወዳዳሪ ይህ በማሸነፍና በመሸነፍ መካከል ያለ ልዩነት ነው። ስለዚህ ታላላቅ ተኳሾች ጠመንጃቸውን በማሰሪያ አጥብቀው ከተለያየ የምርት ዙር የመጡ ጥይቶችን ይፈትናሉ፤ ከራሳቸው አፈሙዝ ጋር የተስማማውን መርጠው በብዛት ይገዛሉ። ለቢያትሎን ደግሞ በብርድ ፍጥነታቸው እንዳይዋዥቅ ታስበው የተሠሩ ጥይቶች አሉ።

ተረት፦ .22 መጫወቻ ነው፤ ሰው አይጎዳም።

እውነታ፦ ከተረቶቹ ሁሉ አደገኛው ይህ ነው። በጉልበት ሲለካ የመደበኛው .22 አረር 140 ጁል ገደማ ነው፤ የክላሽ አረር ወደ 2,000 ጁል ይደርሳል። ብዙዎችን የሚያታልለው ይህ ንጽጽር ነው። ነገር ግን የአሜሪካው ሴናተር ሮበርት ኬኔዲ በሰኔ 1968 ሎስ አንጀለስ ውስጥ የተገደሉት በ.22 ሽጉጥ ነበር። በመጋቢት 1981 ዋሽንግተን ውስጥ በፕሬዚዳንት ሮናልድ ሬገን ላይ የተተኮሰውም .22 ነው። ሬገንን ያቆሰለችው አረር መጀመሪያ መኪናቸውን መትታ የነጠረች ነበረች። ቃል አቀባያቸው ጄምስ ብሬዲ ጭንቅላታቸውን ተመትተው ዕድሜ ልካቸውን አካል ጉዳተኛ ሆኑ፤ በ2014 ሲያርፉም የሞታቸው ምክንያት ያው የጥይት ቁስል መሆኑን የሕክምና መርማሪ አረጋግጧል።

ርቀቱም ይናቃል። ተኳሾች .22ን የሚያውቋት በ50 እና በ100 ሜትር ነው፤ ወደ ላይ ቀንታ የተተኮሰች አረር ግን ከአንድ ኪሎ ሜትር በላይ ትጓዛለች። አንዳንድ አምራቾች በጥይት ሳጥኖቻቸው ላይ የአደጋውን ርቀት የሚያስጠነቅቁት በማይል ነው።

ስለዚህ ባለ .22 ጠመንጃ በእጁ የገባ ሰው፣ ጀማሪም ይሁን የቆየ፣ ቃታ ከመሳቡ በፊት ከዒላማው ጀርባ ያለውን ይይ። አረሩን ውጦ የሚያስቀር የአፈር ክምር ከሌለ አይተኩስ።